ሰማይ የሚታጠርለት ማን ነው?

ባለፈው ጊዜ ከወልድያ ወደ መርሳ በሚኒባስ ስንወርድ አጠገባችን የተቀመጠ አንድ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በስልኩ የሚያነበውን ጽሑፍ ወደ እኛ አዞረና፥ «ጋሼ፥ አሜሪካኖች በመጫወቻ ሥፍራ ላይ አይሮፕላን እንዳይበር ከልክለዋል የሚለው እውነት ነው?» ሲል ጠየቀን። እውነት መሆኑን ነገርነው። ልጁ ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፥ «ታዲያ ለአንዱ ኩባንያ ብቻ ለምን ሆነ?» አለ። የመጀመሪያውን ጥያቄ በአንድ ቃል መልሰንለታል፤ ለሁለተኛው ግን በወልድያና በመርሳ መካከል ያለው ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አልበቃንም። ያን ጊዜ ያልጨረስነውን ዛሬ በዚህ ገጽ ለመጨረስ እንሞክራለን።

ነገሩን ከሩቅ ለሚያየው ሰው የልጆች ጨዋታ ነገር ይመስላል። ነገር ግን የአየር ክልል የማን ነው፥ የሚዘጋው ማን ነው፥ የሚዘጋውስ ለማን ጥቅም ነው የሚለው ጥያቄ ዛሬ በትምህርት ቤት፥ ነገ ደግሞ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው ደብዳቤ ለሚጽፉ ወጣቶች ሁሉ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። በተለይም ለሰሜን ወሎ ሰው ሰማይ የወሬ ነገር ሆኖ አያውቅም፤ ይህንንም ወደ ኋላ እናየዋለን።

በመጀመሪያ የታሪኩን መነሻ እንመልከት። እዚህ ላይ መናፈሻ ስንል ዛፍና አግዳሚ ወንበር ያለበትን ጸጥ ያለ ሥፍራ ማለታችን አይደለም። እያንዳንዱ ክፍሉ በአንድ ተረት ወይም በአንድ ፊልም ታሪክ የተሠራ፥ ባቡር በአየር ላይ የሚገለበጥበት፥ መግቢያው በገንዘብ የሆነ ትልቅ የመዝናኛ ከተማ ማለታችን ነው። የዚህ ሥራ ፈር ቀዳጅ ዋልት ዲዝኒ ሲሆን ዲዝኒላንድ የተባለውን መናፈሻ በካሊፎርኒያ በአናሃይም ከተማ ሐምሌ 10 ቀን 1947 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1955) ከፈተ። እርሱ ከሞተ በኋላም ኩባንያው ከዚያ እጅግ የሚበልጠውን ሁለተኛ ሥፍራ በፍሎሪዳ በኦርላንዶ ከተማ አጠገብ በመስከረም ወር 1964 ዓ.ም. ለሕዝብ ክፍት አደረገ።

መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፥ እኛ የዘመን መለወጫን በምናከብርበት ዕለት፥ በኒው ዮርክና በዋሽንግተን ላይ በአይሮፕላን አደጋ ከተጣለ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ሥፍራዎች ላይ ዝቅ ብሎ መብረርን መከልከል ጀመረ። ታላላቅ የስፖርት ስታዲየሞች ከእነዚህ ዋናዎቹ ነበሩ። 30 ሺህና ከዚያ በላይ ሰው በሚይዝ ስታዲየም ላይ ከፍተኛ ውድድር በሚካሄድበት ጊዜ፥ እንዲሁም ከውድድሩ አንድ ሰዓት አስቀድሞና አንድ ሰዓት በኋላ፥ በሦስት የባሕር ማይል ዙሪያና እስከ 3 ሺህ ጫማ ከፍታ ድረስ መብረር ክልክል ሆነ። በእኛ ልክ ስንናገረው 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ዙሪያና 900 ሜትር ያህል ከፍታ መሆኑ ነው። ይህ ደንብ የሚጸናበት ሰዓት አለው፤ ጨዋታው አልቆ ሕዝቡ ሲበተን ሰማዩም ይከፈታል።

የዲዝኒ ግን እንዲህ አይደለም። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ወደ ኢራቅ ጦርነት ሊገቡ አንድ ወር ሲቀራቸው፥ የካቲት 13 ቀን 1995 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 2003) በፈረሙት የበጀት ሕግ ውስጥ የገባ አንድ አንቀጽ በሁለቱ የዲዝኒ መናፈሻዎች ላይ ያለውን ክልከላ አጸናው። ልኩ የስታዲየሙ ልክ ነው፤ ሰዓት ግን የለውም። ሌሊትም ቀንም፥ ሕዝብ ቢኖርም ባይኖርም፥ በዓመት ሙሉ የተዘጋ ነው። ጦርነቱም አለቀ፥ ፕሬዚዳንቶችም ተቀያየሩ፤ ክልከላው ግን ሃያ ዓመት አልፎት ዘለቀ። በአገሪቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ቋሚ የሰማይ አጥር የተሰጠው ሌላ የመዝናኛ መናፈሻ የለም። አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው ደግሞ የመጣበትን በር ነው። ነገሩ የመጣው የአየር ደኅንነት ባለሙያዎች አጥንተው ባወጡት ደንብ ሳይሆን ስለ መንግሥት ገንዘብ አወጣጥ በሚናገር እጅግ ረዥም ሕግ ውስጥ ተሰክቶ ነው። ረዥም ሕግ ውስጥ አጭር አንቀጽ መሰካት በየትም አገር የታወቀ ዘዴ ነው።

አሁን ወደ ባላንጣው እንሂድ። በዚያው በኦርላንዶ ዩኒቨርሳል የተባለው የፊልም ኩባንያ ግንቦት 30 ቀን 1982 ዓ.ም. የራሱን መናፈሻ ከፈተ። ዲዝኒ ግን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፥ በሚያዝያ 1981፥ ስለ ፊልም ሥራ የሚያሳይ መናፈሻ ከፍቶ ጠብቆት ነበር። ሐሳቡን ማን ከማን ወሰደ የሚለው ክርክር በሁለቱ ወዳጆች መካከል እስከ ዛሬ አላበቃም። ዩኒቨርሳል በ2002 ዓ.ም. የሃሪ ፖተርን ታሪክ ይዞ ብቅ ሲል እንግዳው ወደ እርሱ ጎረፈ፤ ዲዝኒም በ2011 የ«ስታር ዋርስ»ን ፊልም ታሪክ የሚያሳይ ሠፈር ሠርቶ መለሰ። ዩኒቨርሳል ደግሞ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. «ኤፒክ ዩኒቨርስ» የተባለውን ፍጹም አዲስ መናፈሻ ከፈተ። እስከዚህ ድረስ ፉክክሩ የሚያስመሰግን ነው፤ አንዱ ሌላውን እያየ የተሻለ ይሠራል፥ ተጠቃሚውም እንግዳው ነው።

ሰማዩ ሲገባበት ግን መልኩ ይለወጣል። በአሜሪካ ትናንሽ አይሮፕላኖች ጽሑፍ ያለበት ረዥም ጨርቅ ከኋላቸው እየጎተቱ ሕዝብ በተሰበሰበበት ላይ ያልፋሉ። በጨርቁ ላይ የሚጻፈው የንግድ ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ተቃውሞ፥ ወይም ስብከት። በዩኒቨርሳል ሰማይ ላይ ይህ ሁሉ ሊያልፍ ይችላል፤ በዲዝኒ ሰማይ ላይ ግን አያልፍም። ስለዚህ የዲዝኒ እንግዳ ከገባበት ሰዓት እስኪወጣ ድረስ ኩባንያው ካዘጋጀለት ነገር በቀር ቀና ብሎ የሚያየው ሌላ ነገር የለም። የማስታወቂያ አብራሪዎችም ክልከላው በወጣ ጊዜ እንጀራችን ተነካ ብለው ጮኸዋል። የኤፒክ ዩኒቨርስ ግንባታም ገና መሠረቱ ሲቆፈር ጀምሮ ከአየር ፎቶግራፍ እየተነሣ በየሳምንቱ ለዓለም ሲታይ ቆየ፤ የዲዝኒን ግንባታ ማንሣት የፈለገ ግን ከ3 ሺህ ጫማ በላይ ወጥቶ በረዥም መነጽር ማንሣት ግድ ሆነበት።

ከዚህም የሚብሰው ሕጉ የተወው ቀዳዳ ነው። ክልከላው ለመናፈሻው ለራሱ ሥራ የሚሆን በረራን በልዩ ፈቃድ ይቀበላል። በኅዳር ወር 2009 ዓ.ም. ዲዝኒ ብዙ ድሮኖችን ብርሃን አልብሶ በሰማዩ ላይ ትርኢት እንዲያሳይ ከአሜሪካ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ፈቃድ አገኘ። እንግዲህ ለሌላው አደገኛ ነው የተባለው ሰማይ ለባለቤቱ መድረክ ሆነ ማለት ነው። ትርኢቱ በጥንቃቄ የተሠራ መሆኑን አንክድም፤ የምንለው ጥንቃቄ አድርጎ መብረር ከተቻለ ጥንቃቄ የሚያደርግ ሌላ ሰውም ሊጠየቅና ሊፈቀድለት ይገባል ነው።

ለዲዝኒ የሚከራከሩለት ሰዎች ባዶ እጃቸውን እንዳልሆኑም መናገር ተገቢ ነው። በአንድ ቀን በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ፥ ያውም አብዛኛው ልጅ፥ በአንድ ሥፍራ ሲሰበሰብ በላዩ ላይ ዝቅ ብሎ የሚበር አይሮፕላን ቢወድቅ ጥፋቱ ከባድ ነው። ስሙ የገነነ ሥፍራም ክፉ አሳቢን ይስባል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን የዩኒቨርሳል እንግዳ ነፍስ ከዲዝኒ እንግዳ ነፍስ አታንስም። ምክንያቱ አደጋ ከሆነ አደጋው ባለበት ሁሉ ሊሠራ ይገባው ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤትም ይህን የተረዳ ይመስላል፤ በሐምሌ ወር 2008 ባወጣው ሕግ የመዝናኛ መናፈሻዎች ሁሉ ድሮን እንዳይበርባቸው የሚያመለክቱበት ሥርዓት እንዲዘጋጅ አዘዘ። የተሰጠው ጊዜ 180 ቀን ነበር፤ ደንቡ ግን ለዓመታት ሳይወጣ ቆየ። ለአንዱ በአንድ አንቀጽ የተሰጠው፥ ለሌሎቹ በወረፋ ሆነ።

ነገሩ በሩቅ አገር ስም ሲነገር ስለሚቀዘቅዝ ወደ ራሳችን መሬት አምጥተን በሐሳብ እንሥራው። አንድ ባለሀብት በወልድያ፥ ሌላው ደግሞ በሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ በመርሳ የመዝናኛ መናፈሻ ከፈቱ እንበል። የሁለቱም እንግዳ አንድ ነው፤ ከደሴና ከኮምቦልቻ የሚወጣው ቤተሰብ፥ በመኪና ወደ ላሊበላ የሚያልፈው ተሳላሚና ጎብኚ ነው። ወልድያ የመንገድ መገናኛ ናት፤ መርሳ ደግሞ ብርቱካኗና ማንጎዋ አላት። አሁን የወልድያው ባለሀብት በአንድ ረዥም ሕግ ውስጥ አጭር አንቀጽ አሰክቶ የዲዝኒን ያህል ክብ አገኘ። ተማሪዎች ካርታና ኮምፓስ ይዘው ቢሞክሩት ያዩታል፤ መርፌውን ወልድያ መካከል ተክለው 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ዙሪያ ቢያዞሩ ከተማዋን በሞላ ከነዳርቻዋ ይውጣታል። መርሳ ግን ከክቡ ውጭ፥ ሰማይዋ እንደ ተከፈተ ቀረች።

በክቡ ውስጥ ያለው ገበሬስ? በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በመጣ ጊዜ ሰሜን ወሎን ጨምሮ የአማራ ክልል ምሥራቃዊ ዞኖች ማሽላቸውንና ጤፋቸውን ሲያስበሉ፥ መድኃኒት የሚረጨው አይሮፕላን ከማሳው በላይ በጥቂት ሜትር ከፍታ ነበር የሚበረው። አንበጣ ቀጠሮ አይሰጥም። ሰማዩ ቋሚ በሆነ ሕግ ከተዘጋ አብራሪው ለአንድ መጫወቻ ሲባል ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ እስኪመጣ ማሳው ያልቃል። ለዚህ ነው የሰማይ አጥር ዋጋውን የሚከፍለው ያጠረው ሰው ብቻ አይደለም የምንለው።

በመንግሥታት መካከል ያለው ሕግ ስለዚህ ጉዳይ ምን ይላል? ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1944) በቺካጎ የተፈረመው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት፥ ኢትዮጵያም ከፈራሚዎቹ አንዷ የሆነችበት፥ በመጀመሪያው አንቀጹ እያንዳንዱ አገር ከግዛቱ በላይ ባለው ሰማይ ፍጹም ባለሥልጣን ነው ይላል። እንግዲህ ሰማይ የመንግሥት እንጂ ከሥሩ ያለውን መሬት የያዘው ሰው አይደለም። በዘጠነኛው አንቀጽ ደግሞ አንድ አገር ሰማዩን ሊከለክል የሚችልበትን ምክንያት ሲናገር ሁለት ነገር ብቻ ይጠቅሳል፤ እነርሱም የጦር አስፈላጊነትና የሕዝብ ደኅንነት ናቸው። የሚዘጋውም ሥፍራ ስፋቱና አቀማመጡ በልክ የሆነ፥ የአየር ጉዞን ያለ አስፈላጊ ምክንያት የማያውክ ይሁን ይላል። የአንድ ነጋዴ ምቾት በሁለቱ ምክንያቶች ውስጥ የለም። ስለዚህም ነው ሁልጊዜ የሕዝብ ደኅንነትን ልብስ ለብሶ የሚመጣው።

ይህ ስምምነት በተፈረመበት ጊዜ ወሎ የተዘጋ ሰማይ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በራሷ ላይ አይታ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ፥ በዚያው በኅዳር ወር፥ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አይሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደብድበዋል። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት የአሜሪካኖች ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። በጣራ ላይ የሚሣል ቀይ መስቀል ከሥር ያለ በሽተኛ ወደ ላይ የሚጽፈው ማመልከቻ ነው፤ «ከበላዬ ያለውን ሰማይ ዝጉልኝ» ማለት ነው። የደሴው ማመልከቻ ሰሚ አላገኘም።

በዘመናችንም የሆነውን ሁሉም ያስታውሰዋል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሲጀመር የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሰሜኑን የአየር ክልል ለመንገደኛ አይሮፕላን ዘጋ፤ በታኅሣሥ ወርም እንደገና ከፈተው። ወደ መቀሌ የሚደረገው በረራ ግን ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ተቋርጦ የተመለሰው ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ያ መዝጊያ ምክንያቱ የታወቀ ነበር፤ ምክንያቱ ሲያልፍም ተከፈተ። ይሁን እንጂ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። ሰማዩ የተዘጋው በላይ ለሚያልፈው መንገደኛ ደኅንነት እንጂ በሥር ለሚኖረው ሰው አልነበረም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ወልድያና መርሳ በጦርነቱ ውስጥ ሲሰነብቱ በሥር ላለው ሰው ሰማይን የዘጋለት ማንም የለም።

ይህን የምንለው ከመጽሐፍ አንብበን ብቻ አይደለም። በመርሳ በአንድ የፍራፍሬ ጓሮ ተቀምጠን ሳለ ከታች ከመስኖው በኩል የውኃ ፓምፕ ሞተር ተነሣ። ቡና የሚያፈሉልን እናት ጀበናውን እንደ ያዙ ቀጥ አሉና ወደ ላይ ቀና አሉ። ሞተሩ የውኃ መሆኑን ልጃቸው ነገራቸው፤ እርሳቸውም «አወቅሁ እኮ» ብለው ቀዱልን። እንግዲህ በዓለም ላይ ሰማይ እንዲታጠርለት የሚገባ ሰው ቢፈለግ፥ ወረፋውን የሚጀምረው ከወዴት እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ወደ አገራችን መናፈሻዎች ስንመለስ ነገሩ ገና ለጋ ነው። በአዲስ አበባ በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ የአንድነት ፓርክ በመስከረም 2012፥ የእንጦጦ ፓርክ ደግሞ በ2013 መጀመሪያ ተከፍተዋል። በቢሾፍቱ የኩሪፍቱ የውኃ መዝናኛ አለ፤ የአየር ኃይላችንም ሠፈር በዚያችው ከተማ ነው። ልብ ላለው ሰው እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ይታያል። በአንድነት ፓርክ ላይ ማንም እንዳሻው ድሮን ቢያበር የሚያስቆጣው ስለ ቤተ መንግሥቱ ነው፤ በቢሾፍቱም ስለ አየር ኃይሉ ነው። መናፈሻው የሚጠበቀው በጎረቤቱ ምክንያት ነው። እንደዚህ ያለ ጎረቤት የሌለው የእንጦጦ ወይም ነገ በመርሳ የሚሠራ መናፈሻ፥ ሕዝቡ ቢበዛም ሰማዩ የሚጠበቀው እንደ ማንኛውም ሥፍራ ነው። ይህ ለአሁኑ ማንንም አልጎዳም። ነገር ግን ባለሀብቶች ሲበዙና ፉክክሩ ሲጠነክር «ለእኔም እንደ እርሱ ይደረግልኝ» የሚል ማመልከቻ መምጣቱ አይቀርም።

በድሮን በኩል ደግሞ የእኛ አገር ልማድ ከአሜሪካ ተቃራኒ ነው። በዚያ ሁሉ ክፍት ሆኖ ጥቂት ሥፍራ ይዘጋል፤ በዚህ ግን ሁሉ በፈቃድ ነው። ያለ ፈቃድ ድሮን ይዞ በቦሌ የገባ ሰው በጉምሩክ ይያዝበታል፤ ፈቃድ ለማግኘትም ወደ ኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር መሄድ ያስፈልገዋል። ባሳለፍነው ዘመን ምክንያት ጥንቃቄው የሚገባ ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን ሁሉ በፈቃድ በሆነበት አገር አድልዎ ሲደረግ ከአሜሪካው ይልቅ ለማየት ያስቸግራል። በዚያ አንቀጹ ታትሞ ስለሚወጣ ተቀናቃኙ አንብቦ ይከራከራል። በእኛ ዘንድ ግን ለወልድያው ፈቅዶ ለመርሳው መከልከል ሁለት ደብዳቤ ብቻ ይፈልጋል፤ ሁለቱም ደብዳቤዎች በሁለት ሰዎች መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣሉ።

ስለዚህ የዚህን ጉዳይ ማመልከቻ የሚቀበል ወጣት ሹም፥ በእኛ አስተያየት፥ ስለ አመልካቹ ማንነት ከመጠየቁ በፊት ስለ ሥፍራው መጠየቅ አለበት። በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይሰበሰባል? በየትኞቹ ሰዓቶች? ክልከላው መቼ ያበቃል? በአቅራቢያው አንበጣ ቢመጣ ወይም በሽተኛ የሚያነሣ ሄሊኮፕተር ቢፈለግ በስንት ደቂቃ ይከፈታል? መልሱ ለአንዱ የሚያበቃ ከሆነ፥ ያንኑ መልስ ይዞ ለመጣው ለተቀናቃኙም ያለ ምልጃ ሊያበቃ ይገባል። ውሳኔውም ከነምክንያቱ ቢታተም፥ ሁለተኛው አመልካች የመጀመሪያውን ወረቀት ይዞ ለመቅረብ ይችላል። ስለ ሥራው ከባድነት የሚያማርሩ እንደሚኖሩ እናውቃለን፤ ሆኖም ከአሥር ዓመት በኋላ ከሚነሣ ክርክር ይልቅ የዛሬው ወረቀት ይቀላል።

የሰው ቁጥርም ቢሆን ከሌላ አገር እንዳለ የሚቀዳ አይደለም። በመርሳ ከመውረዱ በፊት ያ ተማሪ በመጨረሻ የጠየቀን ስለ ወልድያ ስታዲየም ነበር። በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲን ስም የሚጠራው ይህ ስታዲየም በጥር ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀ ሲሆን የሚይዘው 25 ሺህ ያህል ሰው ነው። «እንግዲህ በአሜሪካኖቹ ሕግ የእኛ ስታዲየም አይቆጠርም ማለት ነው?» አለን። 5 ሺህ ሰው ይጎድለዋልና አይቆጠርም አልነው። ልጁ ሣቀና ቦርሳውን አንሥቶ ወረደ፤ ሚኒባሱም ወደ ውርጌሳ መንገዱን ቀጠለ።